ከአዘዞ ለሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን የትኛው መሣሪያ ይቅደም?

የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ያደግሁት አዘዞ ነው። ልጅ ሳለሁ ከብት ስንጠብቅ ከዓፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ዱላችንን ጥለን ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ እንከተለው ነበር። ዛሬ በ37 ዓመቴ፣ ናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ተምሬ፣ የግል አብራሪነት ፈቃድ ይዣለሁ። እስካሁን የበረርኩት 142 ሰዓት ነው።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 ልንገዛ ተስማምተናል። ሐሳባችን ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚያስፈልገውን ፈቃድ ሁሉ ጨርሰን፣ በጥር ወር ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ጎንደር መግባት፣ ከዚያም የስሜንን ተራሮች በሩቁ ከዳር ሆነን ማየት ነው።

ከግዢው የሚተርፈን ገንዘብ ውስን ነው። አንደኛው ጓደኛዬ የቆዩት ክብ ጌጆች ወጥተው ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች ይግቡ ይላል። ሁለተኛው አውሮፕላኑን ከነሰዎቹ የሚያወርድ ፓራሹት ይገጠም ባይ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አጥርቼ መናገር አልቻልኩም። በደጋ አገር የበረራችሁ ወይም ሞተር የነካችሁ ሰዎች ከየት እንድንጀምር ትመክሩናላችሁ?

የሞተር ባለሙያ

ወንድም ዓለም፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ግን በትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ላይ ነው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ተራራው ምን እንደሚወስድባችሁ በቁጥር እወቁት።

የአዘዞ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,966 ሜትር ያህል፣ በአብራሪዎች መለኪያ 6,449 ጫማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛ ተብሎ የሚሰላው የአየር ሙቀት 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በመጋቢት ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ሆኖ ብታገኘው፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ወደ 120 ጫማ ደምርበት፤ ሞተሩም ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚሠሩት በ9,800 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በወረቀት 160 የተባለው የፈረስ ጉልበት በዚያ ሰዓት 115 እንኳ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ደግሞ ሜዳው ከዚህም ይበልጣል፤ ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው።

የአዘዞ ማኮብኮቢያ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ስላለው መሬቱን ለመልቀቅ አትቸገሩም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ በዚያ አየር ውስጥ በደቂቃ 300 ጫማ ብትወጡ መልካም ነው። በደቂቃ 2.7 ኪሎ ሜትር እየተጓዛችሁ 300 ጫማ ወጣችሁ ማለት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 34 ሜትር ብቻ ወጣችሁ ማለት ነው፤ 1,000 ሜትር ለመውጣት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ከፊት ያለው ዳገት ከዚህ ቀድሞ ከፍ የሚል ከሆነ የትኛውም ስክሪን አያሻግራችሁም።

ስለዚህ የመጀመሪያ መሣሪያችሁ ሚዛን ይሁን። በተራራ አገር የሚበርሩ ጥንቁቅ ሰዎች ከተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 90 በመቶ አልፈው አይጭኑም። ባዶዋን አስመዝኗት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ባለፉት ዓመታት የተጨመረው ሬዲዮ፣ የተደራረበው ቀለም፣ ከምንጣፍ ሥር የተረሳው ሽቦ ሁሉ ክብደት ነው።

ሌላም ልጨምር። ልትገዙ ስትሄዱ የፊት ወንበሮቹን ወደ ኋላ ግፉና ከሥር ያለውን ሐዲድ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ወንበሩን የሚይዘው በሐዲዱ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ፒን ነው። ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ከሆነ ፒኑ ይዘላል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው እንዳይወድቅ መሪውን ጨብጦ ይይዛል፤ መሪው አብሮት ይመጣል፤ አፍንጫው ይበልጥ ይነሳል፤ በመጨረሻም ክንፉ ተሸካሚ አየር ያጣል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የዚህን ሐዲድ ምርመራ በ1987 እ.ኤ.አ. ግዴታ ያደረገው ስለዚህ ነው፤ ፋብሪካውም ፒኑ ቢዘል ወንበሩን የሚያስቀር ተጨማሪ ማገጃ አውጥቷል። ከስክሪን ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

የትከሻ ቀበቶውንም እዩ። በአሜሪካ ሕግ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የፊት መቀመጫ የትከሻ ቀበቶ ግዴታ የሆነው ከጁላይ 18 ቀን 1978 ወዲህ ለተሠሩት ነው። የእናንተ ከዚያ በፊት የተሠራች ስለሆነች የቀድሞ ባለቤቶቿ ካላስገጠሙ በቀር ወንበሮቿ ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ዊልሰን ምሩቅ

ጋሼ ያሉትን በሙሉ አክብሮት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የስክሪኑ ጉዳይ በዚህ ብቻ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ። የግል አብራሪን የሚገድለው የሞተር ጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም፤ መሬት እያየ ሊበርር የወጣ ሰው ሳያስበው ደመና ውስጥ መግባቱም ነው።

እኔ ከናይሮቢ ወደ ናንዩኪ ስበርር ደርሶብኛል። ከፊቴ ያለው ሸለቆ ክፍት ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላዬም ከጎኔም ተዘጋ። ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ከአእምሮዬ ጠፋብኝ። ያዳነኝ የመሬቱን ከፍታ በቀለም የሚያሳየው ስክሪን ነው፤ በቀኜ ያለው ቢጫ ወደ ቀይ ሲለወጥ አይቼ ወደ ግራ ዞርኩ፤ በመጣሁበት መንገድም ወጣሁ። ያን ቀን መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የእናንተ መንገድ በጮቄ ተራራ አቅራቢያ ያልፋል፤ ከዚያ በፊትም የዓባይ በረሃ አለ። ይህን ሁሉ በክብ ጌጅና በወረቀት ካርታ ብቻ ሂዱ ብሎ ለመምከር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የሞተር ባለሙያ

እግዚአብሔር አትርፎሃል፤ የተናገርከውም እውነት ነው። እኔ ስክሪን አያስፈልግም አላልኩም። ነገር ግን ያዳነህ ሥራ አንድ ነው፤ መሬቱ የት እንዳለና ክንፍህ ወዴት እንዳዘነበለ ማሳየቱ። ይህን ሥራ በጥቂት ገንዘብ ማግኘት ይቻላል።

የእነዚህ ልጆች አውሮፕላን አድማሱን የሚያሳየው ጌጅ በቫኩም ፓምፕ፣ ማለትም አየር በሚመጥ ፓምፕ፣ የሚዞር ነው። ፓምፑ ሲሞት ጌጁ ወዲያው አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይዘምማል፤ ደመና ውስጥ ያለ ሰው እርሱን ተከትሎ አብሮ ይዘምማል። ስለዚህ ያን አንዱን ጌጅ አውጥታችሁ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ባለው ኤሌክትሮኒክ አድማስ ለውጡት። ለካርታና ለመሬት ከፍታ ደግሞ ታብሌት ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በቦርሳ ጥላ ሥር ይቆይ። የአይፓድ አምራች መሣሪያው የሚሠራበትን ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎ ወስኗል፤ መስታወት ሥር በፀሐይ ተለጥፎ የዋለ ታብሌት ከዚህ ማለፉ የታወቀ ነው። በሚያስፈልግህ ሰዓት ጥቁር ሆኖ ማቀዝቀዝ እንዳለበት ይነግርሃል። የወረቀት ካርታው ጉልበትህ ላይ ይኑር።

ከሁሉ በላይ ግን የጥር ጠዋት ከየትኛውም መሣሪያ ይሻላችኋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ 4 ሰዓት ድረስ መሬት ያዙ። ከዚያ በኋላ ገደሉ ይሞቃል፤ አየሩ ይነሳል፤ ነፋስ ሸንተረሩን ተሻግሮ በማዶ በኩል እንደ ወንዝ ፏፏቴ ይወርዳል፤ በደቂቃ 300 ጫማ የምትወጣ አውሮፕላን እንዲህ ካለው አየር ጋር መታገል አትችልም።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ስሜን አካባቢ በጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፤ ጓደኛዬ የኮክፒቱ ማሞቂያ በደንብ ይሠራል ወይ ብሎ ሻጩን ጠይቆ በደንብ ይሠራል ተብሏል። ሌላ የምንጠይቀው ነገር አለ?

የሞተር ባለሙያ

ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ከሁሉም በላይ ልጽፍበት የፈለግሁት ነገር ነው።

የዚህ አውሮፕላን ማሞቂያ ለብቻው የተሠራ ምድጃ አይደለም። የሞተሩን ጭስ የሚያወጣው ማርሚታ በቆርቆሮ ቀሚስ ተሸፍኗል፤ ከውጭ የገባ አየር በማርሚታውና በቀሚሱ መካከል ሲያልፍ ይሞቅና በቧንቧ ወደ እናንተ ይመጣል። ማርሚታው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካላት ጭሱ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 21 ቀን 2019 እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ የተሳፈረባት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ በእንግሊዝ ቻናል ላይ ወድቃ ስትጠፋ፣ መርማሪዎች በደሙ ውስጥ 58 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ሄሞግሎቢን አግኝተዋል፤ አብራሪውም በዚያው ጋዝ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ደምድመዋል።

እኔም አንድ ቀን ጥገናው በሌላ ቦታ ተጠናቆ ወደ እኛ በመጣ አውሮፕላን ለሙከራ ከአብራሪ ጋር ወጥቼ ነበር። ማሞቂያውን ከፈትን። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ ግንባሬን ይወቅረኝ ጀመር፤ ያደርኩበት ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማው የተነገረውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አስደግሞ እንደገና ሲሳሳት ነው የደነገጥኩት። ማሞቂያውን ዘጋሁ፤ የጎን መስኮቱን ከፈትኩ፤ ወረድን። መሬት ላይ የማርሚታውን ቀሚስ ፈትቼ ሳየው ስንጥቁ ራሱ በዓይን አይታይም ነበር፤ የታየኝ በመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ አመድ የመሰለ ግራጫ ነጭ ዱቄት ነው። ጭስ በሾለከበት ቦታ ሁሉ ያ ዱቄት ይቀራል። ማርሚታውን ውሃ ውስጥ ነክረን አየር ስንሰጠው ከዚያ ቦታ አረፋው በተርታ ወጣ። ጥገናውን የፈረመው ሰው ቀሚሱን ሳይፈታ ነበር የፈረመው። እስከ ዛሬ ድረስ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሻጩን ማሞቂያው ይሠራል ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ የማርሚታው ቀሚስ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታው መቼ ነው በሉት። ከስክሪኑም ከፓራሹቱም በፊት ደግሞ የሚጮህ ኤሌክትሮኒክ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ግዙ። በየኮክፒቱ ተለጥፎ የምታዩት፣ መሐሉ ላይ የሚጠቁር ነጠብጣብ ያለበት ካርድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ያልፍበታል፣ ደግሞም ማየት ይፈልጋል። የተመረዘ ሰው ማየት የሚያቆመው በመጀመሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

የስሜን ልጅ

ስለ ኦክስጅን ማንም አልጻፈም፤ ልክ ነው፤ አያስፈልግምና። እኛ ደገኞች ነን። አያቶቻችን በ3,500 ሜትር ላይ ሲያርሱ ኖረዋል። ጠርሙስ መሸከም ለቆላ ሰው ነው።

ሐኪም ከጎንደር

ወንድሜ፣ የተናገርከው ነገር ግማሹ እውነት ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስልህ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በስሜን አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌታቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ ዓለምን ያስገረመ ግኝት ነው፤ እኛንም ሊያኮራን ይገባል።

ነገር ግን የተለኩት ሰዎች እዚያው የኖሩ ናቸው። በአዘዞ ተወልዶ ናይሮቢ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው የእነርሱን ዘር ሊጋራ ይችላል፤ በ13,000 ጫማ ላይ ሲቀመጥ ደሙ እንዴት እንደሚሆን ግን በዘር ቆጠራ አይታወቅም፤ በመለካት ነው የሚታወቀው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን መመሪያ በ10,000 ጫማና በ13,000 ጫማ መካከል ከ30 ደቂቃ በላይ ለሚቆይ አብራሪ፣ ከ13,000 ጫማ በላይ ደግሞ ለሁሉም ኦክስጅን እንዲኖር ይላል፤ ከየት መጣህ ብሎ አይለይም።

የአዘዞ ልጅ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ከመድኃኒት ቤት ግዛና መጀመሪያ ቤትህ ቁጭ ብለህ ተለካ፤ ያ ቁጥር መነሻህ ይሁን። በአየር ላይ በየአሥር ደቂቃው ተለካ፤ ቁጥሩ ከ90 በታች ከወረደ ደህና ነኝ የሚለውን ስሜትህን አትመን። የኦክስጅን ማነስ በመጀመሪያ የሚሰጠው ስሜት ደስታ ነው፤ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው። ሌላው፣ ከላይ ጋሼ ስለ ጻፉት ጋዝ ይህ መለኪያ ምንም አይነግርህም፤ እንዲያውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ አድርጎ ስለሚያነበው ጥሩ ቁጥር ሊያሳይህ ይችላል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ለጠርሙሱም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ንጹሕ ኦክስጅንና ቅባት አይስማሙም፤ እሳት ያስነሳሉ። ለብርዱ ከንፈራችሁን ቫዝሊን ተቀብታችሁ፣ ወይም ፀጉር ላይ ቅቤ አድርጋችሁ፣ በአፍንጫ የሚገባውን ቱቦ አታድርጉ። ቫልቩንም ግራሶ በነካ እጅ አትክፈቱ።

የስሜን ልጅ

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።

የጣና ዳር

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 የሆነውን የከተማችን ሰው አይረሳውም። ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲሞክር ጎማ ሳያወጣ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያን ያህል ትልቅ አውሮፕላን በእርግብ ከወደቀ፣ አንድ ፕሮፔለር ላላት ሴስና ጥምብ አንሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ጥር አዝመራ የሚወቃበት ወቅት ስለሆነ ወፉ አውድማ አውድማውን ይከተላል።

ሁለተኛው የሐይቁ ነገር ነው። ከባሕር ዳር ሜዳ እስከ አዘዞ ሜዳ በቀጥታ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጥታው መንገድ ግን በጣና ላይ ነው። ሞተር ቢጠፋስ?

ዊልሰን ምሩቅ

ጥሩ አንስተሃል። የማረፊያ መብራት ቀንም ቢሆን ይብራ፤ ወፍ ቀድሞ ካየህ ብዙ ጊዜ ክንፉን አጥፎ ወደ ታች ነው የሚሸሸው፤ ስለዚህ አብራሪው ወደ ላይ ይሸሽ። ፍጥነቱን ሳያጣ ግን።

በሐይቁ ላይ ይህች አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ በ1,000 ጫማ ቁመት 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል ትንሸራተታለች። ጣና ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ9,500 ጫማ ብትበርር ከውሃው በላይ ያለህ 3,600 ጫማ ብቻ ነው፤ ይኸውም የ10 ኪሎ ሜትር መንሸራተቻ ነው። ሐይቁ እስከ 66 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ የምሥራቁን ዳርቻ ይዘህ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ሂድ፤ የሚጨምርብህ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱን ከወንበር ሥር አታስቀምጥ፤ ከመነሳትህ በፊት ልበሰው፤ ከበሩ ሳትወጣ ግን አትንፋው፤ ውስጥ ሆነህ ከነፋኸው ጣሪያው ላይ ይለጥፍሃል።

ሁለተኛው ጓደኛ

ፓራሹቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚቀረው እርሱ ነው ብዬ ስለማምን አሁንም ልቤ ከእርሱ አልተላቀቀም። በሲረስ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ሰው አትርፏል።

የሞተር ባለሙያ

አትርፏል፤ ይህን ማንም አይክድም። በእናንተ ሁኔታ ግን ሦስት ነገር አስብ። ለ172 የሚገጠመው ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህን ክብደት የምትከፍሉት ከነዳጅ ወይም ከሰው ላይ ቀንሳችሁ ነው። የሚያስወጣው ሮኬት ስለሆነ፣ አገር ለማስገባትም ለመጠበቅም ፈቃዱ ሌላ ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ወደ አምራቹ ተልኮ መታጠፍና መለወጥ አለበት። የመጨረሻው ደግሞ፣ ፓራሹት የሚያወርደው ወደ ታች እንጂ ወደ መረጥከው ቦታ አይደለም፤ ከሊማሊሞ በላይ ሆኖ ታች ያለውን አለት ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። አዲስ ሲረስ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ከነፓራሹቱ ግዛ እለዋለሁ። ለእናንተ ግን አይቀድምም።

የደባርቅ አስጎብኚ

በስሜን ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ስመራ ኖሬያለሁ። እናንተ ስለ መውደቅ ስትነጋገሩ እኔ የማስበው ስለ መገኘት ነው። በገደሉ ሥር ያለ ጥቁር አለት፣ ቁጥቋጦና ጥላ ነጭ አውሮፕላንን ሳይቀር ይውጣል። እረኛ ድምፅ ሰምቶ ቢነግረን እንኳ ገደል ገባ ወጣ ስለሚል ድምፁ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በዓይን ቅርብ የሆነ ቦታ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጨነቅ ሰፈር በ3,600 ሜትር ላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውሃ ይረጋል። የቆሰለ ሰው በሸሚዝ እዚያ አያድርም። ጋቢ ያዙ። የእንግዳ አገር ቀጭን ብርድ ልብስ ያላችሁን እንደሆነ እሱንም ያዙ፤ ጋቢውን ግን አትተዉ።

የሞተር ባለሙያ

ይህ ወንድማችን ዋናውን ነገር አስታወሰን። አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ለማሳወቅ ምልክት የምትልከውን የድንገተኛ አመልካች ዓይነት እዩ። የቆየችው በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የምትጮኸው ከሆነች ሳተላይት አይሰማትም፤ ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት ፍለጋ ሥርዓት ያን ሞገድ መስማት ያቆመው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 ነው። በ406 የምትሠራ ግዙ፤ ጂፒኤስ የተያያዘላት ብትሆን ቦታውን ከ100 ሜትር ባልራቀ ስሕተት ትናገራለች። በአውሮፕላኗ መለያና በእናንተ አድራሻ መመዝገቧንም አረጋግጡ፤ ያልተመዘገበች አመልካች የማን ናት ተብሎ ሲጣራ ሰዓት ይባክናል።

ከዚያ ደግሞ ከጭራው በኩል ያለውን ሽፋን ከፍታችሁ የአንቴናውን ገመድ በእጃችሁ ነቅንቁት። ከጥገና በኋላ ማብሪያዋ ጠፍቶ የቀረ፣ ገመዷ ተነቅሎ የተንጠለጠለ አመልካች በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ የምትያዝ ትንሽ አመልካች ገዝታችሁ በኪሳችሁ አድርጉ፤ በቦርሳ ሳይሆን በኪስ። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ለማምጣት ካሰባችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።

ስለ ነዳጅም አንድ ነገር፤ ከዚያ አበቃለሁ። የእናንተ ሞተር የሚፈልገው ሰማያዊ ቀለም ያለውን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው፤ በየአየር ማረፊያው ያለው ግን የጄት ነዳጅ ነው። ጄት ነዳጅ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ፒስተኑን ይበላዋል፤ ይህም የሚሆነው አየር ላይ ነው። ከሰርባቶዮው ሥር በብርጭቆ ቅዱ፤ ቀለሙን እዩ፤ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ጄት ነዳጅ የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ቤንዚኑ የት እንደሚገኝ በጽሑፍ ሳይረጋገጥላችሁ አትነሱ፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር በቀጥታ ወደ 420 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአንድ ሙሌት ደርሶ መመለስ መጠባበቂያ የሌለው ጉዞ ነው።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ፣ ዶክተር፣ ሁላችሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ይህን ውይይት ከመጀመሪያው አነበብነው፤ ሒሳቡንም ሠራነው።

አውሮፕላኗ ባዶዋን 655 ኪሎ ግራም ሆና ተገኝታለች፤ ከፋብሪካው ወረቀት 18 ኪሎ ይበልጣል። የተፈቀደላት 1,043 ሲሆን 90 በመቶው 939 ነው። ስለዚህ ለነዳጅ፣ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረን 284 ኪሎ ግራም ነው። ሙሉ ነዳጅ 151 ሊትር፣ 109 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የኦክስጅን ጠርሙስ 4፣ ጃኬቶቹ 2፣ ውሃና ጋቢ ያለበት ቦርሳ 8፣ የማሰሪያ ገመድ፣ ዘይትና መፍቻ 6፣ ልብስ 5፤ በድምሩ 25 ኪሎ ሆነ። የቀረው 150 ነው። እኔ 76 ነኝ፤ ስክሪን ይግባ ሲል የነበረው ጓደኛችን 72 ነው።

ሁለተኛው ጓደኛ ቁጥሩን አይቶ ማንም ሳይጠይቀው እኔ በአውቶቡስ እቀድማችኋለሁ አለ። አዘዞ ከእናቴ ቤት አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ የተነሳንበትንና የምንደርስበትን ሰዓት በወረቀት ይይዛል፤ ከተባለው ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ ለማን እንደሚደውል ስልኮቹን ጽፈንለታል።

የሐዲዱና የማርሚታው ምርመራ ለመጪው ማክሰኞ ተቀጥሯል። ቀሚሱ ሲፈታ እኔ ራሴ እዚያው እቆማለሁ። ዱቄት ካየሁ ፎቶውን እዚህ እለጥፋለሁ።